ፋየርዎሉ ሲጮህ፦ መልእክቱን አንብቦ የቤት ኮምፒውተርን ከሀከር መጠበቅ

ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ፣ ዝናቡን እየሸሸች ደብረ ማርቆስ ወዳለችው ሱቄ ገባች። ገና ሳትቀመጥ «ወንድሜ፣ ሀከር ገብቶብኛል» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል መልእክት ነው። ክሮምን በስም ጠርቶ «የዚህን ፕሮግራም አንዳንድ ሥራዎች አግጃለሁ፤ ልፍቀድለት?» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን አልከፈተችውም። የክፍለ መንፈቁ ፈተና እዚያው ውስጥ ስላለ እንቅልፍ አጥታለች።

ያ መልእክት ምንም ክፉ ነገር አልነበረበትም። ክሮም በዚያው ዋይፋይ ላይ ያሉ እንደ ስማርት ቴሌቪዥን ዓይነት መሣሪያዎችን ለመፈለግ ሲሞክር የሚመጣ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ላፕቶፑን ከፍቼ ስፈትሽ ከወራት በፊት እሷው ሳታነብ «አሎው» ብላ ያሳለፈችው ሌላ ፕሮግራም አገኘሁ። እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል። ወደ ሱቄ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ የማያስፈራውን ይፈራሉ፣ የሚያስፈራውን በእጃቸው ያስገባሉ። ይህን መመሪያ የጻፍሁትም ለዚሁ ነው። የምናገረው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ እኛ ዘንድ በብዛት ያሉት እነሱ ናቸውና።

ፋየርዎሉ ምንድን ነው የሚጠብቀው?

ስሙን «የእሳት ግድግዳ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ሱቄ ውስጥ እንዲህ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ሰው ግን የለም። እኔ ለደንበኞቼ የማስረዳው በግቢ ውሻ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊት ጅብ ከአጥሩ ውጭ ሲያልፍም፣ ጎረቤት ከለቅሶ ሲመለስም ውሻው ይጮኻል። ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ጩኸት ጦር ይዞ አይወጣም። በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል ሲመጣ ግን «ማነው? ከማን ቤት?» ብሎ ይጠይቃል።

ኮምፒውተራችሁ ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው ፖርት በሚባሉ በሮች ነው። በቁጥር እስከ 65,535 ይደርሳሉ። ዌብሳይት ስትከፍቱ የምታንኳኩት የሌላውን ኮምፒውተር 443 ቁጥር በር ነው። ፋይል ለጎረቤት ኮምፒውተር ለማጋራት 445፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ ደግሞ 3389 ያገለግላሉ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ከውጭ መጥቶ የሚያንኳኳውን ካልተፈቀደለት ይመልሳል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን ግን ካልተከለከለ በቀር ያሳልፋል። ይህችን ሁለተኛዋን አጥብቃችሁ ያዟት። አንዴ ውስጥ የገባ ቫይረስ ወደ ጌታው ሲደውል ፋየርዎሉ አንድ ቃል ላይተነፍስ ይችላል።

ከውጭ የሚያንኳኳው ቀልድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ445 ቁጥር በር እየገባ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተዛመተ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በመጋቢት 2009 ነበር። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ነው ሰው የታመመው።

አንድ፦ መብራቱን አረጋግጡ

ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። «ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን» የሚለውን ስትነኩ ሦስት መስመሮች ይመጣሉ፦ ዶሜይን፣ ፕራይቬት፣ ፐብሊክ። ሦስቱም «ኦን» ማለት አለባቸው። አንዱ እንኳ «ኦፍ» ከሆነ አብሩት። ፕሪንተር አልሠራ ብሎ፣ ወይም ጌም አልከፈት ብሎ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው አጥፍቶት የሄደ ብዙ አይቻለሁ።

ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮ የመጣ፣ የሙከራ ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ካለ አራግፉት። የሞተ ዘበኛ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስም ቦታው ተይዟል ብሎ ዳር ሊቆም ይችላል።

ሁለት፦ መልእክቱን አንብቡ

መልእክቱ ሲመጣ መጀመሪያ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። አምስት ሰከንድ በቂ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የፕሮግራሙን ስም፣ የሠራውን ድርጅትና የተቀመጠበትን ቦታ። በዊንዶውስ 10 ሦስቱም ፊት ለፊት ተጽፈዋል። በአንዳንድ የዊንዶውስ 11 መልእክቶች ላይ «ሾው ሞር» የሚለውን መንካት ያስፈልጋል።

ስሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቫይረስ የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙን «ዊንዶውስ አፕዴት» ብሎ ከመሰየም የሚያግደው የለም። ድርጅቱ ትንሽ ይሻላል፤ «ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን» ወይም «ጉግል» ካለ ይጠቅማል። «አንኖውን» ካለ ጥርጣሬ ያዙ እንጂ አትፍረዱ፤ ፊርማ የሌላቸው ጤናማ ነፃ ፕሮግራሞችም አሉ።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የማየው ቦታውን ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለ ፕሮግራም በአብዛኛው በወጉ የተጫነ ነው፤ ያን ፎልደር ለመንካት የአድሚን፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ የሆነው አካውንት፣ ፈቃድ ያስፈልጋልና። «ዊንዶውስ» ውስጥ «ሲስተም 32» ያሉትም በአብዛኛው የዊንዶውሱ ቤተሰቦች ናቸው። «አፕዳታ» የሚለው ድብልቅ ሰፈር ነው፤ ቴሌግራምን የመሰሉ ደህናዎችም፣ ክፉዎችም ይኖሩበታል። በ«ቴምፕ»፣ በ«ዳውንሎድስ» ወይም በፍላሽ ላይ ተቀምጦ በር ክፈቱልኝ የሚል ግን እንግዳ ነው፤ ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ «ካንስል» በሉት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ምን ከፍቼ ነበር? ፕሪንተር እየጫናችሁ ሳለ የፕሪንተሩ ፕሮግራም ቢጠይቅ ይገባል። ወርድ ላይ የፈተና ጥያቄ እየጻፋችሁ ሳለ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ነገር ብቅ ካለ ግን ማን ጠራው?

ሦስት፦ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ

ሰው «አሎው»ን የሚነካው ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ እየመሰለው ነው። አይቋረጥም። «ካንስል» ስትሉ የምትከለክሉት ከውጭ ወደዚያ ፕሮግራም የሚመጣውን ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ውጭ መውጣቱን አልከለከላችሁም። ክሮምን «ካንስል» ብላችሁት ዩቲዩብ እንደ ልብ ይከፈታል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ምርጫው ያው «ካንስል» ነው። ቆይቶ የሚጎድል ነገር ካለ መልሶ መፍቀድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መፍቀድ ያለባችሁ ጊዜም አለ፦ በቤት ውስጥ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ፋይል ስታጋሩ፣ በዋይፋይ ፕሪንተር ስትጠቀሙ፣ ልጆች በአንድ ቤት ሆነው እርስ በርስ ጌም ሲጫወቱ። ያኔ «ፕራይቬት» የሚለው ሳጥን ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ፣ «ፐብሊክ» የሚለውን ባዶ ተዉት። ፕራይቬት ማለት የራሳችሁ ግቢ፣ ፐብሊክ ማለት ገበያ መሃል ነው።

ዋይፋዩ ራሱ ከሁለቱ በየትኛው እንደተመዘገበም እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ። የቤታችሁ ከሆነ ፕራይቬት ማድረግ ይቻላል። ባሕር ዳር ሆቴል ስታርፉ፣ ካፌ ቁጭ ስትሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ስትጠቀሙ ፐብሊክ ይሁን። የስልክ ሆትስፖትም ፐብሊክ ቢሆን አንዳች አይጎድላችሁም።

አራት፦ ትናንት ያስገባችሁትን ፈትሹ

የመምህርቷን ጉዳይ ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። በፋየርዎሉ ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ «አሎው ኤን አፕ ስሩ ፋየርዎል» የሚል አለ። ሲከፈት ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ የፕራይቬትና የፐብሊክ ሳጥን አለ። «ቼንጅ ሴቲንግስ»ን ካልነካችሁ ምንም መለወጥ አይቻልም። የማታውቁትን ስም መርጣችሁ «ዲቴይልስ»ን ብትነኩ የሚቀመጥበትን ቦታ ያሳያችኋል።

የዊንዶውሱን የራሱን ስሞች አትንኩ፤ ብዙ ናቸው፣ ስማቸውም ያደናግራል። የምትፈልጉት በኋላ የገባውን ነው። እሷ ላይ ያገኘሁት «አፕዴተር» የሚል ስም ያለው፣ «ቴምፕ» ውስጥ የተቀመጠ፣ በሁለቱም ሳጥን የተፈቀደለት ነበር። «ይኼ ምንድን ነው?» ስላት «እኔንጃ፣ ኦፊስ ሲጫንልኝ የመጣ ይሆናል» አለች። የሥራ ባልደረባዋ በፍላሽ ያመጣላት ክራክ ነው፤ የሚሸጥን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያስከፍት ማለት ነው። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይል ነበር አሉ።

ከዝርዝሩ ላይ ምልክቱን ማንሳት ወይም «ሪሙቭ» ማለት በሩን ይዘጋል እንጂ ፕሮግራሙን አያባርርም፤ ወደ ውጭ መደወሉን ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ሌላ ክፍል እዩ፦ «ቫይረስ ኤንድ ስሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከታች «ኤክስክሉዥንስ»። ይህ ዲፌንደር «አትፈትሽ» የተባለው የቦታ ዝርዝር ነው። እናንተ ሆን ብላችሁ ካላስገባችሁ ባዶ መሆን አለበት። የእሷ ላይ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎበት ነበር። ዘበኛው ቆሟል፣ ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ቤቱን ግን እንዳያይ ታዟል። ያገኛችሁትን አጥፉ፣ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋው የሚጠብቀው «ታምፐር ፕሮቴክሽን» መብራቱን እዩ።

ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን»ን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውሱ ሳይከፈት ይፈተሻል፤ ቫይረሱ ገና ሳይነቃ ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መብራት እንደሚያስቸግረን ታውቃላችሁ፤ ባትሪው መሙላቱን አይታችሁ ጀምሩ።

የውሸት ጩኸት

ሌላ ዓይነት «ማስጠንቀቂያ» አለ። ፊልም ወይም ነፃ መጽሐፍ ስትፈልጉ ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ይሆናል፣ በእንግሊዝኛ ይጮኻል፣ «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ይላል። ይህ ፋየርዎል ሳይሆን የማይክሮሶፍትን ልብስ የለበሰ ዌብሳይት ነው። እውነተኛ የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይጽፍም። አትደውሉ፣ ምንም አታውርዱ። «አልት» እና «ኤፍ 4»ን አብራችሁ ተጫኑ፤ እምቢ ካለ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ ከሚመጣው ታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን ዝጉት። እንደገና ስትከፍቱት የቀድሞውን ገጽ ልመልስ ካላችሁ እምቢ በሉ።

በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ከታች ደጋግሞ «5 ቫይረስ ተገኝቷል» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ለሆነ ዌብሳይት «ኖቲፊኬሽን» ስለፈቀዳችሁ ነው። በብሮውዘሩ ሴቲንግስ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ዌብሳይቶች ስታጠፉ ዝም ይላል። ለዚህ ብቻ ላፕቶፕ ፎርማት ያደረጉ፣ ገንዘብም የተቀበሉ ሰዎች አሉ።

ከሌላ ድርጅት ፋየርዎል የጫናችሁ ከሆነ ደግሞ «ከዚህ አድራሻ የመጣ ጥቃት ታግዷል» የሚል መልእክት በየጊዜው ልታዩ ትችላላችሁ። ታግዷል ካለ ታግዷል ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀንና ሌሊት አድራሻ እየቆጠሩ በር የሚነካኩ ማሽኖች አሉ፤ እናንተን በስም አያውቋችሁም። አድራሻው በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ግን ከቤታችሁ ዋይፋይ የመጣ ነው፤ የልጁ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ ወይም ፕሪንተሩ ሊሆን ይችላል። የማታውቁት መሣሪያ ከሆነ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ። 127.0.0.1 ካለ ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር እያወራ ነው፣ ተዉት።

አምስት፦ ፍላሽና ክራክ

እኛ አካባቢ ቫይረስ በዋናነት የሚመጣው በኪስ ነው። በተለይ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ፊልሙም፣ መጽሐፉም፣ ፕሮግራሙም በፍላሽ ነበር የሚዞረው። ፎልደራችሁን ደብቆ በምትኩ በዚያው ስም ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ያላየ የለም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ በላዩ ያለው ፕሮግራም በራሱ አይነሳም፤ ያ ሾርትከት የሚጠብቀው የእናንተን ጠቅ ማድረግ ነው። ፎልደር መሆን ያለበት ነገር ምስል ላይ ትንሽ ቀስት ካያችሁ አትንኩት። ፍላሹን መርጣችሁ ቀኝ ጠቅ አድርጉና በዲፌንደር አስፈትሹት።

ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ን አብሩ። ያኔ «የደመወዝ ጭማሪ» የሚለው ሰነድ መጨረሻው ፒዲኤፍ ነው ወይስ ኢኤክስኢ የሚለው ይገለጣል። ኢኤክስኢ ከሆነ ሰነድ አይደለም።

ስለ ክራክ ስናገር ቅዱስ ለመምሰል አልሞክርም፤ ከዓመታት በፊት እኔም ለደንበኛ ስጭን ነበር። አንድ ቀን የሱቄን ኮምፒውተር አሳጣኝ፦ የአሥራ ምናምን ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ተቆልፎ አደረ። ሦስቱን ከፍላሻቸው መልሰን አገኘን፤ ለቀሪዎቹ በወረቀት የታተመውን እያየሁ ሳምንት ሙሉ ጻፍሁ። አሁን ለሚጠይቀኝ የምሰጠው ሊብሬ ኦፊስን ነው፤ በነፃ ነው፣ የወርድ ፋይልም ይከፍታል። ደግሞም ምንም ፕሮግራም ይሁን፣ «አንቲቫይረሱን አጥፉና ጫኑ» ካለ እዚያው አቁሙት።

በዚያው ለዕለት ተዕለት ሥራ አድሚን ያልሆነ አካውንት ክፈቱ። ልጆች በሱ ሲጫወቱ ፋየርዎሉ ቢጠይቅ እንኳ ያለ እናንተ ፓስወርድ «አሎው» ማለት አይችሉም።

ስድስት፦ አፕዴት በፓኬጅ ዘመን

ማይክሮሶፍት ዋናውን የደህንነት አፕዴት የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ፓኬጅ እንዳያልቅ ሆትስፖታችሁን «ሚተርድ» (ዊንዶውሱ ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገው ምርጫ) ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ልክ ናችሁ፤ ግን አፕዴቱም አብሮ ይቀራል። በወር አንድ ጊዜ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱና «ቼክ ፎር አፕዴትስ» በሉ።

ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ወዲህ ለቤት ተጠቃሚ አፕዴት አያገኝም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ የተራዘመውን የደህንነት አፕዴት ለማግኘት አፕዴት ገጹ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ 11ን የሚችል ከሆነ መቀየር ነው። ካልቻለና የምትሠሩበት ለብሮውዘርና ለጽሕፈት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊነክስ ሚንት አስቡበት።

ሰባት፦ ራውተሩ

የቤት ኢንተርኔት ካስገባችሁ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ራውተሩም፣ የራሱ ፋየርዎል አለው። ከጀርባው በተጻፈው አድራሻ ግቡና የመግቢያውን ፓስወርድ ቀይሩ፤ ከፋብሪካ የመጣውን እንደነበረ መተው ቁልፍን በሩ ላይ ሰክቶ ገበያ መሄድ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ራውተርና ካሜራ የያዘው ያልተቀየሩ ፓስወርዶችን እየሞከረ ብቻ ነው። የዋይፋዩ መቆለፊያ ዓይነት ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ይሁን፤ ደብሊውፒኤስን (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር ዋይፋይ ውስጥ የሚያስገባውን) እና ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝን የሚፈቅደውን አጥፉ።

ገብቶ ከሆነስ?

ማውሱ በራሱ የሚሄድ ከሆነ፣ ፋይሎች ስማቸው ከተቀየረ፣ ያልላካችሁት መልእክት በቴሌግራማችሁ ከተላከ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ገመድ ካለ ንቀሉ። ፓስወርድ የምትቀይሩት በዚያ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በስልካችሁ ነው፤ በብሮውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ ሁሉ ወጥቷል ብላችሁ ቁጠሩት። ከኢሜይል ጀምሩ፣ ሌላው ሁሉ በሱ ይመለሳልና፤ ቀጥሎ ባንክ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ገንዘብ ከተነካ ለባንኩ ወዲያው ደውሉ፤ ፖሊስ ዘንድም ሂዱ፣ ሰርጎ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው።

ከዚያ ኦፍላይን ስካኑ። አገኘሁ ብሎ ያጸዳው እንኳ ቢሆን እኔ የራሴ ኮምፒውተር ቢሆን ሰነዶቼን አውጥቼ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት በወረደ ንጹሕ ፋይል እንደ አዲስ እጭናለሁ። የሰነዶቹ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፣ የተሰካ ቅጂ አብሮ ይቆለፋል።

ለመምህርቷ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ፈተናዋን አውጥቼ፣ አስፈትሼ፣ እንደ አዲስ ጫንሁላት፤ ክሮም ግን ለሁለት ቀን እንቅልፍ ያሳጣትን ያንኑ ጥያቄ እፊቴ ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ቦታውን ጮክ ብላ አነበበች፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» አለች፣ ቴሌቪዥን የለኝም አለችና «ካንስል»ን ነካች።